የማዳም ጠፍርና የጾም ቅቤ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1921 ዓ.ም.፤ ከረፋዱ 4 ሰ.

ሦስተኛው ውሃ ላይ ነን፤ ማዳም ቆመች። ዝም ብላ እንኳ አልቆመችም። መጀመሪያ ጮኸች፣ ቀጥላ አጓራች፣ በመጨረሻ ጠፍሯ ተበጥሶ እንደ ጅራፍ ተወንጨፈና ጉልበቴን ገረፈኝ። አሁንም ይለበልበኛል። የምናጥብለት ሆቴል አንሶላ ሁሉ ሳሙና ጠጥቶ ሆዷ ውስጥ ተዘፍዝፏል። አስካለ እጅጌዋን ልትሰበስብ ስትል ክንዷን ይዤ አስቀመጥኳት። ተቆጣች። እኔም ተቆጣሁ። ደብተሬ፣ ዛሬ ያልተቆጣሁት አንቺን ብቻ ነው፤ አንቺም ብትሆኚ ገና መክፈቴ ነው።

ስለ ማዳም በጥቅምት የጻፍኩልሽ ደስታዬን ብቻ ነበር። ዛሬ ሌላውን ልንገርሽ። ግሪኩ ነጋዴ አገሩ ሲገባ ትቶልን የሄደ የልብስ ማጠቢያ ናት፤ አሮጊት። ባለ አራት እግር የእንጨት በርሜል። በጎኗ ትልቅ የብረት መንኰራኩር፣ እጀታ ያለው። አንዷ ተቀምጣ እሱን ታዞራለች። ጠፍሩ ከትልቁ ወደ ላይኛው ትንሽ መንኰራኩር ይሄዳል፤ ትንሹ ክዳኗ ላይ ያሉትን የብረት ጥርሶች ያዞራል፤ ጥርሶቹ ደግሞ ውስጥ ያለውን እንጨት ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛሉ። ልብሱን የሚያሸው እሱ ነው። ማዳም ያልናት ተቀምጣ ውሃ አምጡ፣ ሳሙና አምጡ ስለምታሰኝ ነው።

አንሶላዎቹን በእጄ ልጨርስ። ወገቤ ሆይ፣ ቻይው።

ያው ቀን፤ 11 ሰ.

ጨረስኩ። ወገቤ የለም።

አሁን እውነቱን ልጻፍ። የተናደድኩት ለአንሶላው አይደለም። አስካለ የሟች ወንድሜ ሚስት ናት፤ እሱን ከቀበርን ጀምሮ አሥራ አምስት ዓመት አንድ ገንዳ ላይ አብረን አጥበናል። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ የቆሰለ እጇን አገላብጦ አየ። እስከ ፋሲካ ድረስ ውሃም ሳሙናም አመድም እንዳይነካው፣ አለዚያ ጣቶችሽን አላድናቸውም አላት። ጧትና ማታ ለጋ ቅቤ ተቀብታ በጨርቅ ትጠቀልላለች። ይህን የሰማ ወንድሟ አቶ ደምሴ ከጨርጨር ደብዳቤ ልኳል። ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ይመጣል፣ ከዚያ ወደ ሐረር ይዘልቃል፣ በ22 እሷን ይዞ ይመለሳል። እጅ የሌላት ሴት ሐረር ምን ትሠራለች ይላል። እሷም እውነቱን ነው ትላለች። ሳልሠራ ከሰው ቤት አልጎለትም ትላለች። የሰው ቤት! ይህን ቤት! በሩን ቀለም የቀባችው እሷ!

ስለዚህ ነገሩ ይኸው ነው። ማዳም ከዞረች አስካለ ተቀምጣ በደረቅ እጅ መንኰራኩሩን ታዞራለች፤ ውሃውን እኔ እነካለሁ። ማዳም ካልዞረች አስካለ ትሄዳለች።

ሃያ ቀን አለኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 3

የማዳምን ክዳን አነሣን። አሮጌው ጠፍር በእጄ ላይ እንደ ቋንጣ ተሰባበረ። ይህስ ይሁን። ከጥርሶቹ አንዱ ከሥሩ ተሸርፏል! ለካ የምታጓራው በእሱ ነው፤ እዚያች ጎዶሎ ላይ በደረሰች ቁጥር ትዘላለች፣ ስትዘል ጠፍሩን ትነጥቃለች። እንዲህ መሆኑን ያገኘሁት እኔ ነኝ። በጣቴ እየቆጠርኩ አራት ጊዜ አዞርኳት። ደስ አለኝ፤ በሽታዋን ማወቄ እንደ ማዳን ሆኖ ተሰማኝ።

ጌታው ባለቤቴ ከመሥሪያ ቤታቸው ሲመለሱ መጥተው ቆመው አዩን። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። «በላይነሽ፣ ፈልጠሽ ምድጃ ብትከቻት ቢያንስ ውሃ ታሞቅልሽ ነበር» አሉ። አስካለ ሳቀች። ከሰኞ ወዲህ የሳቀችው አሁን ስለሆነ ይቅር አልኳቸው። ለዛሬ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 5፤ ከቀኑ 9 ሰ.

ከኤረር በር፣ ከብረት ቀጥቃጩ ዘንድ መመለሴ ነው። ባለ ጥርሱን ብረት በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን አቅፌ ወሰድኩት። ቀጥቃጩ አገላበጠ፣ አሰበ፣ ጺሙን አሻሸ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? አንዱ ጥርስ ካጠረ ሌሎቹንም ሞርጄ ከእሱ ጋር ላስተካክልልሽ! ሞረዱን አንሥቷል! ጮህኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። አንዲት ግመል ነጂ ሳትቀር ቆማ አየችን።

ያረጋጋኝ መስሎት ውሃ ሰጠኝ። ተቀምጬ አስረዳሁት፤ በእጆቼ ጣቶች፣ እንዲህ ገብቶ እንዲህ እየወጣ። ገባው። ሲገባው ደግሞ ከእኔ በለጠ። በተሸረፈው ቦታ ሁለት ቀዳዳ በስቶ፣ ሁለት የብረት ችንካር ቀጥቅጦ አስገባ፣ ቀርጾ ጥርስ አስመሰላቸው። ከፊተኞቹ ያምራል። ማዳም አሁን እንደ ሀብታም አሮጊት አንድ ሰው ሠራሽ ጥርስ አላት።

የቀረው ጠፍር ብቻ ነው! ጠፍር ምን አላት!

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 6

ጠፍር ምን እንዳላት ልንገርሽ።

ከየት ላምጣ ብዬ ሳስብ የጌታው አልጋ ታየኝ። ጠንካራ፣ የበሬ፣ ሁለት ሰው የሚሸከም ጠፍር። ከጫፉ ጥቂት ብቻ ፈታሁ። ገምጄ፣ ሰፍቼ፣ አስገባሁ። ዞረች! አስካለ እልል አለች። ከዚያ ውሃ ተረጨ፤ ጠፍሩ ረጠበ፤ እንደ አንጀት ተለጠጠና ከመንኰራኩሩ ወርዶ መሬት ላይ ተኛ። ፀሐይ ላይ ሰጣሁት። ሲደርቅ ደግሞ እንዲህ ተሸማቀቀ፣ በግድ ባስገባው ትልቁን መንኰራኩር ጎትቶ ወደ በርሜሉ አዘመመው። ለማቅናት ሁለታችንም ተንጠለጠልንበት። እኔ ነኝ የተንጠለጠልኩት፤ አስካለ በክርኗ ገፋች።

ጌታው ዛሬ አልጋቸው መሐሉ ጉድጓድ ሆኖ ጠበቃቸው። የተናገሩትን እዚህ አልጽፈውም። አንቺ የተከበርሽ ደብተር ነሽ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 8፤ ከምሳ በኋላ

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አሰብኩ። በዚህ ከተማ የማይለጠጥ፣ የማይሸማቀቅ ቆዳ የሚያለፋ ማነው? ቁርአን የሚጠርዙት ናቸው። የእነሱ መጽሐፍ ጀርባ መቶ ዓመት ይከፈታል፣ ይዘጋል።

ስለዚህ ዛሬ ጧት በፈረስ መጋላ ገበያ አቋርጬ መጽሐፍ ጠራዡ አው ሙሜ ዘንድ ወረድኩ። በጠባቧ መንገድ ዳር፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ይሠራሉ። ነጭ ጺም፣ ጥቁር ጣት። ቀና እንኳ ሳይሉ ጠፍር አልሠራም፣ መጽሐፍ ነው የምሠራው አሉኝ። ለመንኩ። አልሠራም። ማዳምን ገለጽኩ፣ በእጄ፣ በእግሬ። አልሠራም። መቼም የእኔ አፍ ከተከፈተ አይዘጋምና የአስካለን እጅ ነገርኳቸው፤ ሐኪሙን፣ ወንድሟን፣ በ22 የሚወስዳትን በቅሎ። መስፊያቸውን አስቀመጡ። የራሳቸውን ጣቶች አዩ። ከዚያ ርዝመቱ ስንት ነው አሉ።

በደስታ እየሮጥኩ ይዣቸው መጣሁ። ሽማግሌ መሆናቸውን ረስቼ ሮጥኩባቸው። ቤት ገቡ፣ ሰላምታ ሰጡ፣ ማዳምን ዞሯት። ጎንበስ አሉ። በክዳኗ ሥር የተንጠለጠለ የቅባት ጣሳ አለ፤ ግሪኩ ጥርሶቹን በዚህ ቀቧቸው ብሎ የተወው። ሥዕሉ ግማሹ ተፍቋል። እኔ ጥቅምትን ሙሉ ጉማሬ ነው እያልኩ ስቀባ ነበር። አው ሙሜ በጭራሮ አዞሩት።

«ወይዘሮ፣ ጉማሬ ጅራቱ እንዲህ ይጠቀለላል?»

አየሁ። አፍንጫውንም አየሁ።

ዓሣማ!

«ሱብሃነላህ!» ብለው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። እኔ አራት ሄድኩ። በዚህስ አንድ ነን፤ የእሳቸውም ሃይማኖት የእኔም አይወደውም። ቁርአን የሚነካ እጄን እዚህ አላስገባም አሉና ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ዞር አሉ። ብረቱ በሙሉ ሰባት ጊዜ ይታጠብ፤ ከሰባቱ አንዱ በአፈር ይሁን፤ ከዚያ እመጣለሁ።

ደብተሬ፣ በጥቅምት የንስሐ አባቴን ነጠላ ሁለት ጊዜ በማዳም አጥቤያለሁ። ልንገራቸው? አልንገራቸው?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

አንድ። ሁለት። ሦስት (በአፈር፤ ጥፍሬ ውስጥ የገባው እስከ ጥምቀት አይወጣም)። አራት። አምስት።

አምስተኛው ላይ ውሃ አለቀ። ውሃ የምታመጣልን ሴትዮ አህዮቿን እየነዳች ከበር ውጭ ካለው ምንጭ ስትመላለስ ውላ፣ ይህ ሁሉ ውሃ ለምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ማጠቢያዋን እያጠብኩ ነው አልኳት። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ለአህዮቿ አንድ ነገር በኦሮምኛ ነገረቻቸውና ሄደች።

ስድስት። ሰባት።

ጣሳውን ከግንብ ውጭ ቀበርኩት። ጥርሶቹን በሰሊጥ ዘይት ቀባናቸው። ያኔ አስካለ የተጠቀለሉ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «እንግዲህ ማዳምም ጾም ገባች፤ በዘይት ናት» አለችኝ። ሳቅን። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ይህችን ሴት ለጨርጨር ነው የምሰጣት?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 11

አው ሙሜ መጡ። ብረቱን አሸተቱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በክር ለኩ። ቆዳውን ከሦስት ቦታ ቆርጠው፣ ጫፍ ለጫፍ አቅጥነው፣ አንዱን በሌላው ላይ አስተኝተው ያጣብቁታል፤ ከዚያ እንደ መጽሐፍ ጀርባ ይሰፉታል። ቋጠሮ የለው፣ እብጠት የለው። መቼ ያልቃል አልኩ። በእጄ ያለው ኪታብ ሲያልቅ አሉ። ኪታቡስ መቼ ያልቃል? ያለቀ ዕለት።

ጥርሴን ነክሼ እሺ አልኩ። እኔም ከማዳም ጋር ጥርሴ ሊሸረፍ ነው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 14

ምንም የለም። በእጅ አጠብኩ። እሑድ ነው፤ ይቅር ይበለኝ፤ ሆቴሉ እሑድ አያውቅም። አስካለ ካውያውን ልያዝ አለች፤ እጀታው ቁስሏን ፈነከተው። ተጣላን። ተኮራረፍን። ከሰዓት በኋላ የቀሚሴን ቁልፍ ተከለችልኝ፤ በጥርሷና በሁለት ጣቷ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 16፤ 10 ሰ.

ዞረች! ዞረች! ዞረች!

አው ሙሜ ጠፍሩን በጨርቅ ጠቅልለው አመጡት። ምን ያለ ነገር ነው! ቀይ፣ ለስላሳ፣ ስፌቱ በአንድ መስመር፤ መጀመሪያው ከየት እንደሆነ ፈልጌ አጣሁት። አስገቡት። አስካለ በርጩማው ላይ ተቀመጠች፣ በመዳፏ ሳይሆን በእጅ አንጓዋ እጀታውን ገፋችው። ማዳም እንደ ድመት አንጎራጎረች እንጂ አላጓራችም። የሆቴሉ የገበታ ልብስ ሁሉ ከምሳ በፊት ታጥቦ ተሰጣ! እጆቿ ደረቅ! ጌታው ሳይቀሩ አንድ ሃያ ጊዜ አዞሩና «እሺ፣ አትፈለጥም» አሉ።

አው ሙሜ ሲወጡ፣ ውሃ አይንካው፣ ሌላ ምንም አይፈልግም አሉኝ። እጃቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ፤ ሸሹኝ።

ደስታዬን የት ላድርገው። ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞርኩት።

ያው ቀን፤ ከምሽቱ 12 ሰ.

ውሃ አይንካው ብለዋል። እኔ የማጥበው በውሃ ነው፤ እንዴት አይነካውም? አዲስ ቆዳ ደግሞ ቅቤ ሳይጠጣ ይሰነጠቃል። ኮርቻም እንደዚያው፣ ጫማም እንደዚያው። ጾም ስለሆነ የባላገሩ ቅቤ ቅሉን ሞልቶ ተቀምጧል፤ የሚበላው የለም፣ ከአስካለ እጅ በቀር። አንድ እፍኝ ወስጄ ጠፍሩን ከውስጥም ከውጭም አጠጣሁት። እንዴት እንደጠጣ! አበራ! ጧት አስካለን ሳስደንቃት ይታየኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 17

ይንሸራተታል።

አስካለ ትልቁን መንኰራኩር ታዞራለች፤ ትንሹ ቆሞ ያያታል። ጠፍሩ እንደ ዓሣ ያልፋል፣ አይዝም። አጥብቀን ወጠርነው፣ ይንሸራተታል። በጨርቅ ጠረግነው፣ ይንሸራተታል። ልብሱ ውሃ ውስጥ፣ እኔ ላብ ውስጥ።

አው ሙሜን አስጠራሁ። በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፣ አሸተቱ። ፊታቸው ጠቆረ። ከዚያ ዞር ብለው አስካለን አዩ፤ የተጠቀለሉትን እጆች፣ ከጨርቁ ጫፍ የወጣውን ቅቤ።

«አንቺ ልጄ፣ በዚህ እጅሽ ነካሽው?»

አስካለ እጆቿን አየች። «ነክቼው ይሆናል» አለች።

አፌ ተከፈተ። ደብተሬ፣ የእኔ አፍ፣ ይህ ሲሠራ የሚውል አፍ! ተከፈተና ተዘጋ። አው ሙሜ፣ ቅቤ የጠጣ ጠፍር ገመድም አይሆን፣ የአምስት ቀን ሥራዬ አሉና ሄዱ። ቁጣ እንኳ አልነበረም። ማዘን ነበር። እሱ ይብሳል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 18

አስካለ ሣጥኗን አወጣች። አንድ ነጠላ፣ ሁለት ቀሚስ፣ የወንድሜ መቋሚያ። አልጋዋ ላይ ደርድራቸዋለች። ከእንግዲህ ደረቅ ነገርም ብነካ አበላሻለሁ ትላለች። ሽማግሌውን አስቀየምኩ ትላለች። አላለቀሰችም። እጥፉን ደጋግማ ታስተካክላለች፤ ያንኑ ነጠላ አራት ጊዜ አጠፈችው። እጇን ከጨርቁ አውጥታ ቅቤውን በደረቅ ፎጣ ጠርጋዋለች! መድኃኒቷን! እንዳላበላሽ ብላ!

እኔ ምን አደረግሁ? ሽሮ አማሰልኩ።

ማዳምን ጾም ያስገደፍኳት እኔ ነኝ። እዚህ ጻፍኩት። እዚህ መጻፍ ግን ቀላል ነው፤ አንቺ አትመልሺልኝም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 19፤ ገብርኤል

ሥራ የለም። ከተማው ግማሹ ቁልቢ ነው። አቶ ደምሴም እዚያ ነው፤ ነገ በቅሎውን ወደዚህ ያዞራል።

አው ሙሜም ዓርብ አይሠሩም። ከጁምዓ እስኪወጡ የመስጊዱ ግንብ ጥግ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተሸፍኜ፣ እንደ ሌባ። ሲያዩኝ ቆሙ። ቅቤውን የቀባሁት እኔ ነኝ አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ እፍኙን ሳይቀር። የመጀመሪያ ቃላቸው «ወላሂ፣ አንድ እፍኝ?» ነበር። እኔ ስድቡን ስጠብቅ፣ እሳቸው መሬት መሬት እያዩ ነው።

ያላጠፋችውን ሴት ከሰው ፊት ወቀስኳት፤ እኔም ይቅርታ አለብኝ አሉ። ሰኞ ጧት መጥቼ የእኔን እነግራታለሁ፤ አንቺ ያንቺን ከዚያ በፊት ብትነግሪያት ይሻልሻል፤ ከእኔ አፍ ከምትሰማው።

ይህን ካሉ በኋላ ጠፍሩስ አልኳቸው። አፌን! በደረቀና በተነፋ ነጭ አፈር ቅበሪው፤ አፈሩ ቅቤውን ይጠጣል፤ ሲወዛ አፈሩን ለውጪ፤ አብሽሪ፣ ቆዳ ይምራል አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 20

አፈሩን ሦስት ጊዜ ለወጥኩ። አሁንም ይወዛል።

ለአስካለ አልነገርኳትም። ጧት ተኝታ ነበር። ረፋዱ ላይ ጎረቤት ነበረ። ቀትር ላይ ራሷን አማት። ከሰዓት በኋላ ራሴን አመመኝ። ተመልከቺኝ፣ አሁን ደግሞ ከአንቺ ጋር ተቀምጫለሁ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 21፤ ከቀኑ 10 ሰ.

መጣ። አቶ ደምሴ ነው። በሸዋ በር ገብቶ እየጠየቀ ደረሰ። ጋቢው ከቁልቢ መንገድ አቧራ የተነሣ ቀለሙ አይታወቅም። መልካም ሰው ነው፤ መጥፎ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! የእህቱን እጅ አይቶ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ እታለም፣ እታለም ይላል። ጌታው እንግዳ አክብረው አልጋቸውን ለቀቁለት፤ ጉድጓዱን ረስተው። አቶ ደምሴ ገብቶበት ሲወጣ አየሁት፤ ከጨዋነቱ የተነሣ ይመቻል አለ።

ጧት በ2 ሰዓት ይነሣሉ። ሣጥኑ በር ላይ ነው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 22፤ ከቀኑ 6 ሰ.

በቶሎ ልጻፍ።

በ1 ሰዓት በቅሎው ተጭኖ ነበር። አስካለ ነጠላዋን ደርባ ልትስመኝ መጣች። ልትስመኝ! ወደ ኋላ አልኩ። እዚያው በቅሎው አጠገብ፣ ወንድሟ እየሰማ፣ ጌታው እየሰሙ፣ ቅቤውን የቀባሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ አልነካሽውም፣ አምስት ቀን ሙሉ አውቄ ዝም አልኩ አልኳት። ድምፄ እንደ አሮጌው ጠፍር ተበጣጠሰ።

አየችኝ። እጆቿን አየች።

«መድኃኒቴን ጠርጌ የጣልኩት በአንቺ ነው?» አለች።

በእኔ ነው አልኩ።

አልጮኸችም። ጌታው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ ደምሴ የበቅሎውን ልጓም ይዞ በእኔና በእሷ መሐል አንገቱን ይመልሳል። በዚህ መሐል አው ሙሜ በሩ ላይ ደረሱ፤ በእጃቸው ሰምና ሙጫ። ምን ያለ ሰዓት አክባሪ ሰው! ገቡና ቀጥ ብለው አስካለ ፊት ቆሙ። ልጄ ሳላጣራ ወቅሼሻለሁ፣ አፉ በይኝ አሏት። ሽማግሌው! አስካለ ያኔ አለቀሰች። ለእሳቸው ወዲያው አፉ አለች። ለእኔ አላለችም።

አው ሙሜ ጠፍሩን ከአፈሩ አወጡ፣ ቅቤው መውጣቱን አይተው አራገፉ፣ በሰሙና በሙጫው አሹት፣ አስገቡት። ከዚያ ማን ያዙር? ማንም አልተንቀሳቀሰም። አስካለ ነጠላዋን አውልቃ ለበቅሎው ኮርቻ ሰጠችው፤ በርጩማው ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

«ውሃ ጨምሪ» አለችኝ። እንደ አዛዥ።

ጨመርኩ።

«ሳሙና።»

ጨመርኩ።

«ደምሴ፣ ያንን ጋቢ አውልቀው።»

እታለም መንገድ ልንወጣ ነው አላት። መንገድህ ገና ነው፣ እንዲህ ሆነህ አገር አትገባም አለችው። አወለቀ። ማዳም ዋጠችው። አስካለ ገፋች። ትንሹ መንኰራኩር ዞረ። ያዘ! ሰው ሠራሹ ጥርስ ደረሰ፣ አለፈ፣ ዳግመኛ ደረሰ፣ አለፈ። ውሃው እንደ ወንዝ ጎርፍ ቀላ፤ የቁልቢ አፈር ሁሉ ወረደ።

ጋቢው አሁን ደርቋል፤ የታኅሣሥ ፀሐይ ነው። አስካለ አጣጥፋ፣ በእጅ አንጓዋ ደግፋ ለወንድሟ ሰጠችው። ሣጥኑን አውርድ አለችው። እሱ እኔን አየኝ። እኔን አትየኝ አልኩት በልቤ፤ ገና አፉ አልተባልኩም።

አው ሙሜ ሲሄዱ በሩ ላይ የቅቤው ቅል ቁልፍ ካለው ሣጥን ይግባ ብለው ነበር። ገብቷል። ሣጥኑ የአስካለ ነው፤ ሁለት ቀሚሷ ላይ ተቀምጧል። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ቅቤ የሚወጣው በእሷ ፈቃድ ነው፤ መጀመሪያ ለእጇ፣ ከዚያ ለገና ዶሮ፣ ለእኔ መቼ እንደሆነ አልነገረችኝም። ይገባኛል። ነገ ደግሞ ለንስሐ አባቴ ስለ ነጠላቸው እነግራለሁ። ወስኛለሁ። አንድ ጊዜ የተከፈተ አፍ

ትጠራኛለች። «በላይነሽ፣ ደብተሩን አስቀምጪና ውሃ!» ትላለች። መጣሁ። መጣ